ለጉዞ የሚሆን ኮዳ፦ ፕላስቲክ ወይስ ብረት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከባለፈው ዕትም ወዲህ ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ውሃ መያዣ የሚጠይቁ ናቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን በአንድ አዋሕደን ከዚህ በታች መልስ ሰጥተንባቸዋል።

ጥያቄ፦ «ከጓደኞቼ ጋር የሦስት ቀን የእግር ጉዞ ልንሄድ ተዘጋጅተናል። አንደኛው ጓደኛዬ ፕላስቲክ ጤና ስለሚጎዳ የብረት ኮዳ እንድገዛ ይመክረኛል። ሌላኛው ደግሞ ብረት ተሸክሞ ተራራ መውጣት ሞኝነት ነው ይላል። የማንን ልስማ?»

መልስ፦ ሁለቱ ጓደኞችዎ የሚከራከሩት በአንድ ጉዳይ ላይ አይደለም። አንዱ የሚናገረው ስለ ጤና ሲሆን ሌላው ስለ ሸክም ነው። የጤናውን ጉዳይ ለቀጣዩ ጥያቄ እናቆየውና በሸክሙ እንጀምር፤ በሦስት ቀን የእግር ጉዞ ላይ ከሁሉ በፊት የሚሰማዎት እርሱ ነውና።

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህን ክብደት የትኛውም ኮዳ ሊቀንሰው አይችልም፤ የሚለያየው መያዣው ብቻ ነው። የታሸገ ውሃ የሚሸጥበት ባለ አንድ ሊትር ቀጭን ፕላስቲክ ባዶውን ከ30 እስከ 40 ግራም ገደማ ይመዝናል። ወተት የመሰለ፣ ብርሃን በከፊል የሚያሳልፍና ሲጫኑት እጥፍ የሚል ፕላስቲክ የተሠራ ባለ ሰፊ አፍ ኮዳ 110 ግራም ያህል፣ ጥርት ብሎ ውስጡን የሚያሳየውና ጠንካራው ዓይነት ደግሞ 180 ግራም ያህል ነው። ባለ አንድ ግድግዳ የማይዝግ ብረት ኮዳ እንደ ውፍረቱ ከ200 እስከ 350 ግራም ሲደርስ፣ በሁለት ግድግዳዎቹ መካከል አየር የተመጠጠበት ፔርሙዝ ግን ብዙውን ጊዜ ከ400 ግራም ያልፋል።

በጉዞው ላይ ሁለት ባለ አንድ ሊትር ኮዳ ይይዛሉ እንበል። ከቀላሉ ፕላስቲክ ይልቅ ብረቱን ቢመርጡ በጀርባዎ ላይ የሚጨመረው ባዶ ክብደት 400 ግራም ሊጠጋ ይችላል። በመጠነኛ ሙቀትና በመጠነኛ ፍጥነት የሚጓዝ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ እንደሚያስፈልገው ይገመታል። ስለዚህ ብረቱን ሲመርጡ፣ አንድ ሰዓት ለሚጠጋ ጉዞ የሚሆን ውሃ ሊሸከሙበት የሚችሉትን አቅም ለዕቃው ሰጡት ማለት ነው። የውሃ ምንጮች ተራርቀው በሚገኙበት መንገድ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በየሁለት ሰዓቱ ወንዝ በሚገኝበት መንገድ ግን ብዙም አያስጨንቅም።

በጥንካሬ ረገድ ብዙ ሰው ብረት ያለ ጥርጥር እንደሚበልጥ አድርጎ ያስባል። እኔ በዚህ አልስማማም። የብረት ኮዳ ሲወድቅ ይጎደጉዳል እንጂ ብዙውን ጊዜ አይፈስም፤ ነገር ግን ምቱ ያረፈው አፉ ላይ ከሆነና የክዳኑ ጥርስ ከተጣመመ፣ ኮዳው ከዚያ በኋላ በትክክል መዘጋቱ ያከትማል፤ በመንገድ ላይም የሚጠገን አይደለም። ጥርት ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ በውሃ ተሞልቶ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ አልፎ አልፎ ሊሰነጠቅ ይችላል። ያ ወተት የመሰለው ለስላሳ ፕላስቲክ ግን ይታጠፍና ይነጥራል፣ በብርድም ጊዜ ቶሎ አይሰበርም። ከሁሉም ይበልጥ ርካሽ የሚመስለውና ማንም የማያደንቀው ይህ ኮዳ ለእግረኛ ከሁሉ የሚሻለው ነው ብል አላጋነንኩም።

ይህ ዓይነቱ ፕላስቲክ ኮዳ ወደ መንገደኛ እጅ የገባው ከላቦራቶሪ ነው። ዛሬ በተጓዦች ዘንድ ስሙ የታወቀው ናልጂን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1949 በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሮቸስተር ከተማ የተጀመረው የላቦራቶሪ ዕቃ ለመሥራት ነበር። ኬሚካል እንዳያፈስ ተብሎ የተሠራው ክዳን ቦርሳ ውስጥ ለሚንከባለል ውሃም ምቹ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ በጉዞው ላይ ውሃ የምታፈሉ ከሆነ አንድ ቀላል ፕላስቲክና አንድ ባለ አንድ ግድግዳ ብረት ይያዙ፤ የማታፈሉ ከሆነ ሁለቱንም ፕላስቲክ ያድርጓቸው። ጉዞው በመኪና ከሆነና ከመኪናው ብዙም የማይርቁ ከሆነ ግን ክብደቱን ረስተው የወደዱትን ይግዙ።

ጥያቄ፦ «በፕላስቲክ ኮዳ ሥር ባለ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የሚጻፈው ቁጥር ስለ ጤና ምን ይነግረኛል? ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የዋለ ውሃስ መጠጣት ይቻላል?»

መልስ፦ ቁጥሩ ስለ ጤና የሚነግርዎት በተዘዋዋሪ ብቻ ነው። የተፈጠረው ያገለገሉ ፕላስቲኮችን በዓይነት ለይቶ መልሶ ለመጠቀም ሲሆን፣ የመጠጥ ደኅንነት ማረጋገጫ እንዲሆን ታስቦ አይደለም። ሆኖም ዓይነቱን ለማወቅ ይረዳል። 1 ቁጥር ፔት የሚባለው፣ የታሸገ ውሃና ለስላሳ መጠጥ የሚሸጥበት ቀጭንና ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። 2 ቁጥር ከላይ ያመሰገንኩት ወተት የመሰለው፣ ከባድ ፖሊኤትሊን የሚባለው ነው። 5 ቁጥር ፖሊፕሮፒሊን ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ክዳኖች የሚሠሩት ከእርሱ ነው። 7 ቁጥር «ሌሎች» ማለት ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ይመጣል፤ ምክንያቱም ብዙ ስጋት ያስነሣው ፖሊካርቦኔትም፣ እርሱን የተካው ትራይታንም በዚሁ በአንድ ቁጥር ሥር ይጻፋሉ።

ፖሊካርቦኔት የሚሠራው ቢስፌኖል ኤ ከተባለ ኬሚካል ሲሆን፣ ይህ ኬሚካል በሰውነት ውስጥ እንደ ኤስትሮጅን ሆርሞን የመሥራት ጠባይ አለው፤ ከፕላስቲኩ ወደ ውሃ የሚለቀቀውም በተለይ ሙቅ ነገር ሲገባበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ካናዳ በሕፃናት ጡጦ ላይ ለማገድ እርምጃ ወሰደች። በዚያው ዓመት ታዋቂ ኮዳ ሠሪዎች ፖሊካርቦኔትን ትተው፣ ኢስትማን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2007 ለገበያ ወዳቀረበው ትራይታን ተሻገሩ። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 በሕፃናት ጡጦ ላይ አገደው። የኅብረቱ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም በ2023 ሰው በቀን ሊወስደው ይችላል ተብሎ የነበረውን መጠን 20,000 ጊዜ ያህል ዝቅ አደረገው። በመጨረሻም በ2024 ማብቂያ ኅብረቱ ኬሚካሉ ምግብና መጠጥ በሚነኩ ዕቃዎች ላይ እንዳይውል፣ የመሸጋገሪያ ጊዜ ሰጥቶ ወሰነ።

ከዚህ ሁሉ ለእርስዎ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው። ከታላቅ ወንድም ወይም ከዘመድ የወረሱት፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 በፊት የተገዛ፣ ጥርት ያለና እንደ ድንጋይ የጠነከረ ኮዳ ካለዎት ለእርሳስ ማስቀመጫ ያድርጉት እንጂ አይጠጡበት። ዛሬ የሚገዙት ደግሞ ቢስፌኖል ኤ እንደሌለበት በግልጽ የተጻፈበት ይሁን። 2 ቁጥርና 5 ቁጥር ፕላስቲኮች ሲሠሩ ቢስፌኖል ኤ ስለማያስፈልጋቸው በእነርሱ ላይ ይህ ጥያቄ አይነሣም።

ወደ መኪናው እንመለስ። 1 ቁጥር ፕላስቲክ ሲመረት አንቲሞኒ የተባለ ንጥረ ነገር ኬሚካላዊ ሂደቱን ለማፋጠን ይገባበታል፤ ከዚያም ጥቂቱ በጊዜ ሂደት ወደ ውሃው ይገባል፣ ሙቀት ሲጨምርም ፍጥነቱ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 20 ማይክሮ ግራም ሲሆን፣ በተለመደ ሙቀት በተቀመጠ ጠርሙስ ውስጥ የሚገኘው መጠን ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ መኪና ውስጥ የሞቀ አንድ ጠርሙስ ውሃ ጣዕሙ ደስ አይበልዎት እንጂ፣ ተጠምተው ሳለ የሚደፉት መርዝ አይደለም። ለሳምንታት የተዘጋ መኪና ኋላ የሚንገላታ የውሃ ክምችት ግን ሌላ ነው፤ እርሱን በየጊዜው ይለውጡት።

ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በአሜሪካ ኒው ዮርክ የሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት በታሸገ ውሃ አንድ ሊትር ውስጥ በአማካይ 240,000 ያህል ቅንጣቶች አግኝተዋል፤ አብዛኞቹም በተራ ማጉሊያ የማይታዩ እጅግ ደቃቅ ናቸው። በሰው ጤና ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ገና በመጠናት ላይ ነው። ቅንጣቶቹ ከሚመጡባቸው መንገዶች አንዱ ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሚፈጠረው ፍትጊያ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ተጠጥቶበት እንዲጣል የተሠራ ጠርሙስ ለወራት እየሞሉ መጠቀም የሚመከር አይደለም። ይህ ጉዳይ በብርቱ የሚያሳስብዎት ከሆነ የማይዝግ ብረት ይግዙና ይረፉ፤ ግራሙን ከፍለው የአእምሮ ሰላም መግዛትም ምርጫ ነው።

ጥያቄ፦ «የአሉሚኒየም ኮዳ ከብረቱ ቀለል ያለ ሆኖ አገኘሁት። እርሱ ሁለቱንም አያስታርቅም?»

መልስ፦ በክብደት ረገድ ልክ ነዎት፤ አሉሚኒየም በተመሳሳይ መጠን ከማይዝግ ብረት ሲሦ ያህሉን ብቻ ይመዝናል። ይሁን እንጂ ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይጎደጉዳል፣ አሲድ ያለበት መጠጥም ይበላዋል። በዚህ ምክንያት ውስጡ በቀለም መሰል ሽፋን ይለበጣል። ስለዚህ የሚጠጡት ከብረት ሳይሆን ከሽፋኑ ነው፤ ቀደም ሲል ከተሠሩት ሽፋኖች አንዳንዶቹም የሸሹት ቢስፌኖል ኤ ያለባቸው ነበሩ። በሻካራ ብሩሽ አይፈተግም፣ እሳት ላይ አይጣድም፣ ሎሚ የተጨመረበት ውሃ አይቀመጥበትም። በማግኔት ለይቼ አውቀዋለሁ እንዳይሉ፣ በብዛት የሚሸጠው የማይዝግ ብረትም እንደ አሉሚኒየሙ በማግኔት አይሳብም። ውስጡን በብርሃን ይመልከቱ፤ ወርቃማ ወይም ነጣ ያለ ልባጥ ካለው አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል፣ ራቁቱን የሆነ ግራጫ ብረት ከሆነ ግን የማይዝግ ነው። 18/8 ወይም 304 የሚል ጽሑፍ ካዩ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ያለበት፣ ልባጥ የማያስፈልገው ብረት ማለት ነው። ኒኬል ቆዳዎን የሚያሳክክዎ ከሆነ ግን ሐኪምዎን ያማክሩ።

ጥያቄ፦ «ድስት ላለመያዝ ስል በኮዳዬ ውሃ ማፍላት እችላለሁ? በብርድ ቦታ ሳድርስ የትኛው ይሻላል?»

መልስ፦ ማፍላት የሚችሉት በአንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ እርሱም ባለ አንድ ግድግዳ፣ ቀለም ያልተቀባ፣ የማይዝግ ብረት ኮዳ ነው። ክዳኑንና በአፉ ላይ ያለውን ማንኛውንም ፕላስቲክ ያውጡ፣ ውሃ ይሙሉበት፣ ከፍሙ ዳር ያስቀምጡት። ክዳኑ ተዘግቶ እሳት ላይ የተቀመጠ ኮዳ ይፈነዳል። ባለ ሁለት ግድግዳው ፔርሙዝ ደግሞ ክዳኑ ቢከፈትም እንኳ በፍጹም እሳት አይነካውም፤ በግድግዳዎቹ መካከል የተዘጋው ክፍተት በሙቀት ተወጥሮ ሊፈነዳ ይችላል። ሁለቱን ከውጭ አይቶ መለየት አንዳንዴ ስለሚያስቸግር፣ እርግጠኛ ካልሆኑ ሙቅ ውሃ ጨምረውበት ውጩን ይዳስሱ፤ ወዲያው ከሞቀ ባለ አንድ ግድግዳ ነው።

ውሃው ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ደግሞ ሦስት ደቂቃ ሲፈላ ቢቆይ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይሞታሉ። ጊዜው የሚረዝመው ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ስለሚሄድ ነው፤ በ3,000 ሜትር ላይ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው።

በብርድ ግን ፕላስቲኩ የበላይነቱን ይይዛል። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ እስከ አፉ የተሞላ ብረት ኮዳ በብየዳው በኩል ሊተረተር ሲችል፣ ለስላሳው ፕላስቲክ ተለጥጦ ያሳልፈዋል። የትኛውንም ቢይዙ ከላይ ክፍት ቦታ ይተዉለት፣ ሌሊትም ክዳኑን ወደ ታች ገልብጠው ያቁሙት። በረዶው የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ ጠዋት አፉ ሳይዘጋ ያገኙታል። ብረት ሙቀትን ከዚህ ዓይነቱ ፕላስቲክ ሠላሳ እጥፍ ያህል በበለጠ ፍጥነት ስለሚያስተላልፍ፣ በከባድ ቅዝቃዜ ከንፈር ሲነካው እስከ መጣበቅ ይደርሳል።

ሙቅ ውሃ ሞልተው የመኝታ ከረጢት ውስጥ ማስገባት የሚወዱ ተጓዦች አሉ፤ ግሩም ዘዴ ነው። 2 ቁጥር ፕላስቲክና ትራይታን ይችሉታል፤ 1 ቁጥር ግን በ70 ዲግሪ አካባቢ መለስለስና መኮማተር ስለሚጀምር አይሆንም። ብረቱ ቆዳ ያቃጥላልና በወፍራም ካልሲ ይጠቅልሉት። ክዳኑ መጥበቁን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ፤ በሌሊት የራሰ የመኝታ ከረጢት ከብርዱ የከፋ ነው።

ጥያቄ፦ «ከወንዝ የቀዳሁትን ውሃ በማጣሪያ፣ በክኒን ወይም በፀሐይ ለማከም የኮዳው ዓይነት ለውጥ ያመጣል?»

መልስ፦ ከሚገመተው በላይ ያመጣል። በእጅ እየተጨመቁ የሚሠሩት ትናንሽ ማጣሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ የሚገጠሙት 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው፣ በተራው የታሸገ ውሃ ጠርሙስ ጥርስ ላይ ነው። ስለዚህ ሌላው ሁሉ የሚንቀው ቀጭን ጠርሙስ እዚህ ላይ አቻ የለውም፦ ይጨመቃል፣ ይገጥማል፣ ክብደት የለውም። ብረት አይጨመቅም፣ ሰፊ አፍ ያለውም አይገጥምም።

በክኒን ከሆነ የክሎሪን ክኒን በማይዝግ ብረት ውስጥ ለመመሪያው ጊዜ ያህል ቢቆይ ችግር የለውም፤ ለቀናት ከተዉት ግን ክሎሪኑ ብረቱን ነጠብጣብ እያደረገ ሊበላው ይችላል። አዮዲን ፕላስቲኩን ቡናማ ያደርገዋል፣ ልባጡ ከተነሣ አሉሚኒየም ጋርም አይስማማም።

የፀሐዩ ዘዴ የሚሠራው በጥርት ያለ 1 ቁጥር ጠርሙስ ነው። ከ2 ሊትር የማይበልጥ ጠርሙስ ደለል በሌለው ጥርት ያለ ውሃ ተሞልቶ፣ ፀሐያማ በሆነ ቀን ለ6 ሰዓት፣ ሰማዩ በአመዛኙ ደመና ከሆነ ለሁለት ተከታታይ ቀናት ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ይቀመጣል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርና ሙቀት ተባብረው ተሕዋስያኑን ይገድላሉ። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ አፍቲም አክራ ከባልደረቦቻቸው ጋር መርምረውታል፤ በኋላም ኤዋግ የተባለው የስዊዘርላንድ የውሃ ምርምር ተቋም አዳብሮ በዓለም ዙሪያ አስተዋውቆታል። ፖሊካርቦኔት ጨረሩን ስለሚያግድ፣ ብረት ደግሞ ጭራሹን ብርሃን ስለማያስገባ አይጠቅሙም። ከእርሻ ወይም ከፋብሪካ የተቀላቀለ ኬሚካልን ግን ፀሐይም ክኒንም ማፍላትም አያወጡትም።

ጥያቄ፦ «ፔርሙዝ ለእግር ጉዞ መያዝ ተገቢ ነው?»

መልስ፦ ለአጭር የቀን ጉዞ፣ በተለይ ለብርድ ወይም ለከባድ ሙቀት፣ አዎን። ስኮትላንዳዊው ሳይንቲስት ጄምስ ደዋር እ.ኤ.አ. በ1892 የሠሩት አየር አልባ ክፍተት ዛሬም ያው ነው፤ ሙቀት በአብዛኛው የሚያመልጠው በአንገቱና በክዳኑ በኩል ስለሆነ አፈ ጠባቡ ከአፈ ሰፊው ረዘም ላለ ጊዜ ያቆያል። አንዳንዶቹ ከሥር የክፍተቱን ቀዳዳ የሚደፍን፣ እርሳስ ከተባለው መርዛማ ብረት የተሠራ የብየዳ ጠብታ አላቸው፤ በሽፋን ተከልሎ ውሃውን ስለማይነካ ሽፋኑ እስካልተነቀለ ድረስ አያሳስብም፣ ከተነቀለ ግን መጠቀምዎን ያቁሙ። ለብዙ ቀን ጉዞ እኔ አልይዘውም።

ጥያቄ፦ «የፕላስቲክ ኮዳዬ ሽታ አልለቅ ብሎኛል። መጣል አለብኝ?»

መልስ፦ በቅድሚያ ሽታው ከፕላስቲኩ ሳይሆን ከክዳኑ ጎማ ቀለበት እንዳይሆን ያረጋግጡ፤ ሻጋታ የሚደበቀው እዚያ ነው። ቀለበቱን በማይወጋ ነገር አውጥተው ለብቻው ይጠቡት። ከዚያ በሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በለብታ ውሃ በጥብጠው ኮዳውን ሞልተው ያሳድሩት፤ ጠዋት በደንብ አለቅልቀው ክዳኑን ሳይገጥሙ አፉን ወደ ታች ደፍተው ያድርቁት። ጣፋጭ መጠጥ በየጊዜው የሚሞሉበት ከሆነ ሽታው ይመለሳል፤ እንዲህ ላለው ልማድ ብረት ይሻላል፣ ጣዕም አይዝምና። ውስጡ የተቧጨረ፣ የተሰነጠቀ ወይም የደበዘዘ ፕላስቲክ ግን ቢታጠብም ጭረቱ ውስጥ ተሕዋስያን ስለሚቀሩ በአዲስ ይተኩት።